ያልተለቀለቀው ጋን

የበሩ ሳህን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነቃል። ኤልዳና ጌጡ ፊቷን ሳትታጠብ ወደ በሩ ሄደች፤ ጎንበስ ብላም ከመቃኑ ብቅ ያለችውን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቀዝቃዛ ሳህን በምላሷ ነካች። ሳህኗ ጥቂት ቆየችና «ንጹሕ» አለች። በሩ ተከፈተ።

ሁሉም ሰው እንዲህ አይቀናውም። ጎረቤቷ ማክዳ ባለፈው ማክሰኞ «ነጭ ሽንኩርት፣ መጠኑ አነስተኛ» ተብላ እስከ ቀትር ተዘግቶባት ውላለች። ጥርሴን አሞኝ ነው፣ አኘክሁት እንጂ አልዋጥኩትም ብላ በሩን እየደበደበች ብትምል ብትገዘት የሚሰማት አልነበረም። ሳህን መሐላ አያውቅም።

በቁር አምባ፣ ወይኑ ከሚፈተንበት ከማመሳከሪያው ቀን በፊት ባሉት አርባ ቀናት ሽንኩርት አይቁላላም፣ በርበሬ አይደለዝም፣ ቅቤ አይነጠርም። ሽታው በወይን ጋኖቹ አፍ ይገባል ይላል ደንቡ። ሰዉ ይህን «የመዝገብ ጾም» ይለዋል። ከሌላው ጾም የሚለየው ፋሲካ የሌለው መሆኑ ነው፤ አርባው ቀን ሲያልቅ ወይኑ አለፈ ወይም ወደቀ ይባላል እንጂ ማንም እንኳን አደረሳችሁ አይልም።

ቁር አምባ መንዝ ውስጥ ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አዋቂ የሚኖርባት መንደር ናት። ድሮ ገብስ እንጂ ሌላ አይበቅልባትም ነበር። ኋላ ሙቀቱ የስምጥ ሸለቆውን የወይን እርሻ በላው፤ ሐረጉም እንደ ተፈናቃይ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ዳገት እየወጣ መጥቶ ከገብሱ ማሳ ላይ አረፈ። ቀን ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ሌሊት ውርጭ ያስደነግጠዋል። ከዚያ ድንጋጤ የሚወጣው ነጭ ወይን ቀጭን፣ ጥርስ የሚያጠርስ፣ የተኛ ምላስ የሚቀሰቅስ ሆነ። ስሙን ከመንደሩ ወስዶ «ቁር» ተባለ፤ ከተሜው አበደለት።

በሁለት ሺህ ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት የጣዕም መዝገብ ቤት ሰዎች መጥተው ጣዕሙን መዘገቡት። ይህን ጊዜ ቁር አምባ ከበሮ መትታለች። ጥሩ ነገር መስሏት ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ስም የሚከተለው ጣዕምን ነው። ጣዕሙ የተገኘበት ቦታ የስሙ ባለቤት ይሆናል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከመዝገቡ ጋር ያልተመሳከረ ቦታ ስሙን አስረክቦ ቁጥር ይቀበላል። ሁለት የማር አገሮችና አንድ የቅቤ አገር ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነዋል። ከማሩ አገሮች አንዱ ዛሬ ቀጠና ዘጠኝ ይባላል፤ ስሙ ግን አለ፣ ከተማ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። የቁር አምባንም ስም የሚጠብቅ አለ። ከከተማው ዳር ከመሬት በታች ያለ አንድ መጋዘን ያለ ወይን ፍሬ ወይን ይሠራል፤ ፀሐይ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም፣ ከመዝገቡ ጋር ግን ዘጠና ስምንት ከመቶ ይመሳከራል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

የቁር አምባ ወይን አምናም ካቻምናም ወድቋል። የዘንድሮው ማመሳከሪያ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ኤልዳና ስድሳን ልትደፍን አንድ ዓመት የቀራት ሴት ናት፤ ሥራዋ ጋን ጠባቂነት ነው። እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ የተቀበሩት አርባ ጋኖች ቁልፍ በእሷ እጅ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ከየጋኑ አንድ የሻይ ማንኪያ የመቅመስ ፈቃድ ያላትም እሷ ብቻ ናት። ሌላው ገበሬ ይኮተኩታል፣ ይገርዛል፣ ይለቅማል፣ ይጨምቃል፤ አይቀምስም። የራሱን ወይን የሚጠጣ ሰው ምላሱ ያዳላል ተብሎ ከተከለከለ ሃያ ዓመት አልፎታል።

በዚያን ዕለት ጠዋት የጋኑን ቤት ከፍታ ስትገባ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኪሩቤል አበራ ከኋላዋ ደረሰ። አብረው ያደጉ ናቸው። ኪሩቤል ኮቱን ሳይቆልፍ ከቤት የማይወጣ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያለ የሚኖር ሰው ነው። በብብቱ አንዲት ነጭ ሣጥን ይዟል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ማረሚያ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመዝገብ ቤቱ ነው። የተፈቀደ ነው፣ አትፍሪ። ለአንድ ጋን ሦስት ጠብታ። ወይኑ እንደ መዝገቡ ይሆናል።»

«ከሆነማ መጋዘን ሆንን በለኛ።»

«ኤልዳና፣ ዛሬ ነገር አትፈልጊ። ስምንት ቀን ነው ያለን። እዚህ መሬት ላይ ውርጭ ከጣለ ስንት ጊዜው ነው? ሌሊቱ ሞቀ፣ ፍሬው ለሰለሰ፣ ጣዕሙ ሄደ። የአንቺም ጥፋት አይደለም፣ የእኔም አይደለም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ስትለኝ ነበር።»

«አሁንም እላለሁ። ሙቀቱ ነው።»

ኤልዳና ሣጥኗን ተቀበለችው። ውስጧ አርባ ብልቃጦች ተደርድረዋል። የጋን ጠባቂ ወግ ነውና ያልቀመሰችውን ነገር ጋን ውስጥ አትጨምርም። አንዱን ብልቃጥ ከፈተች፣ መዳፏ ላይ አንድ ጠብታ አደረገች፣ ላሰችው።

ቆመች። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ላሰች።

ከዚያ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፣ ቀጥሎ በሆዷ፣ በመጨረሻ በሁለት ጋኖች መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ኪሩቤል መድኃኒቱ አሳብዷት መስሎት ሣጥኗን ነጠቃት።

«ምን ሆንሽ? ኧረ ተይ፣ ውሃ ላምጣልሽ?»

«አንድ ውሃ!» አለች እንባዋን እየጠረገች፤ ያንንም ብላ እንደገና ሳቀች። «ኪሩቤል፣ ግራዋ ነው።»

«ምኑ?»

«ይሄ ማረሚያህ። ግራዋ ነው። ጋን እናጥብበት የነበረው ግራዋ። ቅመሰው።»

ኪሩቤል አልቀመሰም። ሳህኗን እያሰበ ምላሱን ከጥርሱ ኋላ ደበቀ። ኤልዳና ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት በሆዷ የያዘችውን ነገረችው።

መዝጋቢዎቹ በመጡበት ዓመት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጋን የሚያጥቡት የየቤቱ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ጋን በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ሦስት ውሃ ይባላል፤ ከሦስት ያነሰ ውሃ ያገኘ ጋን ይመራል። የመጀመሪያው ጋን የእሷ ነበር። አሽታው አንድ ውሃ እንዳፈሰሰችበት መዝጋቢዎቹ የመጡባት በራሪ መኪና ሜዳው ላይ አረፈች። መንደሩ እየጮኸ ወጣ። ኤልዳናም ማሻዋን ጥላ ሮጠች። ተመልሳ ስትመጣ እናቷ የታጠበ መስሏት ጋኑን አጥናው፣ ወይኑን ገልብጣበት ነበር። ኤልዳና ዱላውን ፈርታ ዝም አለች። ወይኑ ተብላልቶ ሲደርስ መዝጋቢዎቹ ተመልሰው ከፊት ያለውን ጋን ከፈቱ፤ የቀዱትም ከዚያው ነው።

«የቁር ጣዕም የሚሉት የእኔ ስንፍና ነው» አለች። «ጠርሙሱ ላይ ምን ብለው ይጽፋሉ? ‹መጨረሻው ላይ የገደል አፋፍ ስሜት›! የምን ገደል? ግራዋ ነው!»

ኪሩቤል ግን ጠርጣራ ነው። «ቆይ እስቲ። ያኔ እንዲያ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት እንዴት አለፍን?»

«ግራዋውን አልተውነውም ነበር እኮ። ሦስት ውሃ ብትሰጠውም ትንሽ ይቀራል፤ በትንሹም ቢሆን ያልፍ ነበር። መቼ ነው መውደቅ የጀመርነው?»

«ካቻምና።»

«ግራዋ ንጽሕና የለውም ብለው በእንፋሎት እጠቡ ያሉንስ?»

ኪሩቤል መልሱን ያውቀዋል። ከመዝገብ ቤቱ የመጣውን ደብዳቤ ያነበበው እሱ ነው። ያነበበውም ካቻምና ነው።

አርባዎቹን ጋኖች በዓይኑ ቆጠረ። ቀጥሎ ፊቱ እንደ በዓል ቀን በራ። «ኤልዳና! እግዜር ነው የገለጠልሽ! ግራዋ እንደሆነ ከወንዙ ዳር ሞልቷል። ዛሬውኑ እንሸምጥጥ። ጋኖቹን እናሻቸው፣ አንድ ውሃ ብቻ እንስጣቸው፣ ወይኑን እንመልስባቸው። ማረሚያ የለ፣ ምን የለ፣ በገዛ ቅጠላችን እናልፋለን!»

«የተከለከለ ነው።»

«በነጋሪት ካላደረግሽው ማን ያውቃል?»

ኤልዳና ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሳቋ ጠፍቶ ነበር። «እና በገዛ ስሜ ለመጠራት ተደብቄ ቅጠል ልሸምጥጥ? በገዛ ጋኔ ሌባ ልሁን?»

«ስሙ ይትረፍ እንጂ እኔ ሌባም ልባል» አለ ኪሩቤል። «አባቴን የቀበርኩት ቁር አምባ ነው። ልጄ ነገ ከየት ነሽ ሲሏት ከቀጠና ሠላሳ አንድ ትበል? የቀጠና ልጅ ትባል?»

ይህ ኤልዳናን ወጋት። «እሺ፣ ስሙ ተረፈ እንበል። ማንን ነው የሚጠራው? እዚህ መሬት ላይ ያለውን ወይን ነው ወይስ የእኔን ያልተለቀለቀ ጋን? ኪሩቤል፣ አሁን ጋኑ ውስጥ ያለውን እኔ ቀምሼዋለሁ። ግራዋ የለበትም። ወይን ብቻ ነው። ጋኑ ውስጥ ያለነው እኛ ራሳችን ነን። አንተ ግን አልቀመስከውም፤ የማታውቀውን ነው የምትሸጠው።»

«ብቀምሰው በሩ ይዘጋብኛል።»

«ይዘጋብህ» አለች። «በሁሉም ሰው ላይ ከተዘጋ መዝጋቱ ምን ሊጠቅማቸው ነው?»

ነገሩን ለብቻዋ አልወሰነችም። ቁልፉ በእጇ ቢሆንም መሬቱ የሁሉም ነው፤ ስሙም የሁሉም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ አዳራሽ ሰው ተሰበሰበ። ታሪኩን ከነኀፍረቱ፣ ከነሩጫዋ ተናገረች። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ። ማክዳ «ስለዚህ የእኔ ጥርስ ሲታመም የዋለው ለአንቺ ማሻ ነው?» አለች፤ የሳቀውም የተቆጣውም አብሮ ሳቀ። ኪሩቤል ተነሥቶ የግራዋውን ሐሳብ አቀረበ፤ በደንብ አቀረበው። ብዙ ራስ ተነቀነቀለት።

ኤልዳና ሁለት ማሰሮ ወይን ይዛ ገብታ ነበር። ከወግ አላለፈችም፦ በመጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ራሷ ቀመሰች፤ ቀጥላ ለአባባ ናሆም ቀዳችላቸው። አባባ ናሆም ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ስለ ሳህን የሚጨነቁበት ዕድሜ አልፏል። ብርጭቆውን ይዘው ሰው ሁሉ እያያቸው ጠጡ። አፋቸውን ሞጥሞጥ አደረጉ።

«እ?» አለች ማክዳ።

«ሚስቴን ያገባሁ ዕለት የጠጣሁት ይኼን አይደለም» አሉ። «ያኛው ያስነጥስ ነበር። ይኼ ...» ቃል ፈለጉ። «ይኼ ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ዝናብ የመታው ድንጋይ ይላል። ድገሚኝ እስቲ።»

ከዚያ በኋላ ማሰሮው ዞረ። ሰዎቹ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን እጅ ሥራ ጠጡ። ኤልዳና ፊታቸውን ታይ ነበር። አንዱ ገበሬ ብርጭቆውን እንደያዘ «የታችኛው ማሳ ነው፣ እምላለሁ፣ የታችኛው ማሳ ድንጋይ ነው» እያለ ጎኑ ያለውን ሰው ይጎሽም ነበር። ማክዳ አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቋትም። ኤልዳና ደስ አላት፤ እንዲህ ደስ ካላት ዓመታት ሆኗታል። ለኪሩቤል ስትቀዳለት ብርጭቆውን በእጁ ሸፈነ።

እጅ ሲቆጠር አብዛኛው ሰው ወይኑ እንዳለ ይቅረብ አለ። ግራዋ አይነካውም፣ ማረሚያም አይነካውም። ኪሩቤል ብቻውን አልነበረም፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ከእሱ ጋር ቆሟል። «ልጆቻችሁ ይፍረዱባችሁ» ብሎ ኮቱን ቆልፎ ወጣ። ያን ዕለት ማታ ግን በሦስት ቤት ሽንኩርት ተቁላላ። ሽታው መንደሩን ዞረ። በማግስቱ ወይን በጠጡትና ሽንኩርት በበሉት ላይ ስድሳ በር አልከፈት አለ፤ ሰዎቹ በመስኮት ወጡ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ያፌት የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። በማመሳከሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ለሁሉም እጅ ነሣ። መሣሪያውን ከዕድሩ አዳራሽ መካከል አቆመው። «ልሳን» ይሉታል፤ የሰው ወገብ ያህል ቁመት ያለው፣ አፍ ያለው፣ ዓይን የሌለው ነገር ነው። ያፌት ከየጋኑ የተቀዳውን ወይን አጠጣው።

«ስድሳ አንድ ከመቶ» አለ ልሳኑ። ለማለፍ ዘጠና ያስፈልጋል።

ያፌት ሊቀመንበሩን አየው፣ ያልተከፈተችውን ነጭ ሣጥን አየ፣ ከዚያ ኤልዳናን አየ። «እትዬ፣ ማረሚያ ልከንልዎት ነበር እኮ።»

«አልተጠቀምኩበትም ልጄ።»

«ለምን?»

«ግራዋ ስለሆነ» አለችና ታሪኩን እንደገና ነገረችው። ኀፍረቱ ሳስቶላት ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ሲነገር ነገር ይቀላል። ያፌት እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ጉንጩ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ሊሆን ይችላል።

«ይህን አልሰማሁም» አለ።

«ልድገምልህ?»

«እትዬ ኤልዳና፣ መዝገቡ ውስጥ የገባ ነገር ስሕተት ሊሆን አይችልም። ገብቷል። ከገባ ልክ ነው። እርስዎ ያን ቀን ጋኑን ሦስት ጊዜ አለቅልቀውት ቢሆን ኖሮ ስሕተት የሚሆነው እሱ ነበር።»

ኤልዳና ወይን ቀዳች፣ በመዳፏ ቀመሰች፣ ብርጭቆውን ሰጠችው። ያፌት ለሥራ ሲወጣ መጠጣት አይፈቀድለትም። በሩን ዞር ብሎ አየ፤ ጠጣው። እስከ አተላው ጠጣው።

«ጥሩ ነው» አለ ብርጭቆውን እየመለሰ። «አያልፍም።»

ቀጥሎ ርክክቡ መጣ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አዋቂ ነዋሪ በልሳኑ ፊት ቆሞ ስሙንና አዲሱን ነዋሪነቱን ይናገራል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ሰው «ቀጠና ሠላሳ አንድ» ካለ በኋላ አሮጌው ስም ይለቀቅና ወደሚመሳከርበት ቦታ ይሄዳል። የማሩ አገር ሰዎች ከምሳ በፊት ጨርሰውታል።

የጋን ጠባቂ ስለሆነች የመጀመሪያዋ ኤልዳና ናት። ልሳኑ ፊት ቆመች። ምንም አላቀደችም፤ ይህን ኋላ ደጋግማ ተናግራለች። ሌሊቱን ያሰበችው ስታስረክብ እንዳታለቅስ ብቻ ነበር።

«ስም?» አለ ልሳኑ።

«ኤልዳና ጌጡ።»

«ነዋሪነት?»

«ቁር አምባ።»

«አልተመዘገበም። እንደገና ይሞክሩ።»

«ቁር አምባ።»

«አልተመዘገበም። እንደገና ይሞክሩ።»

ያፌት በሹክሹክታ «እትዬ፣ ቀጠና ሠላሳ አንድ ነው የሚባለው» አላት።

«ሰምቻለሁ ልጄ። እሱን ጠየቀኝ፣ እኔም ነገርኩት። የምኖርበትን እኔ ሳላውቅ እሱ ከየት አወቀው? ወይ ፍንክች!»

ተራዋን ለቀቀች። ከኋላዋ አባባ ናሆም በምርኩዛቸው ቀረቡ። «ናሆም ይልማ። ቁር አምባ» አሉ ሳይጠየቁ። ማክዳ ቀጠለች፤ እሷማ ጮኸችበት። ከዚያ የታችኛው ማሳ ገበሬ፣ ከዚያ በዕድሩ ስብሰባ ከኪሩቤል ጋር ቆሞ የነበረ አንድ ሰው፤ አንገቱን ደፍቶ ግን ጥርት አድርጎ «ቁር አምባ» አለ። ልሳኑ ለእያንዳንዳቸው እንደገና ይሞክሩ ይላል። የተባለውም ሰው ሄዶ ከሰልፉ ጭራ እንደገና ይቆማል፤ ይሞክሩ ተብሏልና።

በዘጠኝ ሰዓት አንድ ዙር አልቆ ሁለተኛው ተጀመረ። ያፌት ኮሌታውን ፈታ። ወንበር አምጥተው አስቀመጡት፣ ቆሎ አቀረቡለት። ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚህ በፊት እምቢ ያለ ስላልነበረ እምቢ ለሚል ሰው የተጻፈ አንቀጽ የለም። ስሙ ደግሞ ካልተለቀቀ መጋዘኑ ሊወስደው አይችልም። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ፤ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ዘጋ። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ተናገረ።

«ሊቀመንበሩ ስለ ሁሉም ይናገር ብለዋል። የእሱ አንድ ቃል ይበቃል። በዚህ ከተቋጨ ... የመንደሩ የውሃ ድርሻ አይነካም ብለዋል።»

ካልተቋጨ የሚሆነውን መንገር አላስፈለገውም። ኪሩቤል ቀኑን ሙሉ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሰልፉ ውስጥ አልገባም። አሁን ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ኤልዳና ሁለተኛዋን ሙከራዋን ጨርሳ ከሰልፉ ጭራ ደርሳለች፤ ከዚያ ሆና ታየው ነበር። ፈራች። ኪሩቤልን ሳይሆን የፈራችው ልጁን፣ የአባቱን መቃብር፣ የውሃውን ቧንቧ ነበር። እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ተቆልለው ሲሄዱ አየቻቸው። እሱን ልትወቅሰው እንደማትችልም ያኔ ገባት።

ኪሩቤል ልሳኑ ፊት ደረሰ። ኮቱን ቆለፈ።

«ስም?»

«ኪሩቤል አበራ።»

«ነዋሪነት?»

ኪሩቤል ዞር ብሎ ከጠረጴዛው ላይ የኤልዳናን ማሰሮ አነሣ። ጥቂት መዳፉ ላይ አፈሰሰና ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ገና ወጣት ሳለ አርሶ ድንጋዩን የለቀመው ማሳ ነበረው፣ በእጁ የተከለው፣ ፍሬውን ሲለቅም ሃያ ዓመት ሙሉ ያልቀመሰው። ዓይኑን ሲገልጥ እርጥብ ነበር፤ ቁጣም ነበረበት።

«ነዋሪነት?» አለ ልሳኑ እንደገና።

«ቀኑን ሙሉ ሲነግሩህ አልሰማህም እንዴ?» አለ ኪሩቤል። «ቁር አምባ!»

«አልተመዘገበም። እንደገና ይሞክሩ።»

«እሞክራለሁ» አለ፤ «ተራዬን ጠብቄ።»

ሄዶም ከኤልዳና ኋላ ተሰለፈ።